የቡኒ ጠያቂዎች

ጥንቸሌ ቡኒ ኦፕራሲዮን የተደረገች ጊዜ የሰፈራችን የጅማው ቦሳ ኪቶ ሰው ሁሉ ሊጠይቃት ቤታችን መጥቶ ነበር። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ጎረቤቶቻችን በፌስታል ብርቱካን፣ በፔርሙስ አጥሚት ይዘው እየመጡ፣ ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ሳሎናችን ሲቀመጡ፣ "አላህ ያሽራት"፣ "እግዜር ይማራት" ሲሉ አንዲት ጥንቸል ይህን ያህል መወደዷ ምንም አልገረመኝም። ቡኒን ያየ ሁሉ እንደሚወዳት አምን ነበር።

ቡኒን የሰጠችኝ ዶክተር ጽዮናዊት ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና የምታስተምር ወጣት ስትሆን፣ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ተከራይታ ትኖር ነበር። ቤቱን በተከራየች ሰሞን፣ ከተማሪዎቿ ጋር ከምታረባቸው ጥንቸሎች አንዷን በካርቶን አድርጋ አመጣችልኝ። ጠጉሯ ቡናማ ስለነበር ቡኒ አልኳት። ወንድምም እህትም የለኝም፤ እናቴ ሳሊሀና አባቴ ሸኩር ያለኔ ልጅ አልነበራቸውም። አባዬ እንጨት ሠሪ ነው። ከአልጋና ከበርጩማ የተረፈውን ጣውላ ገጣጥሞ ለቡኒ ቤት ሠራላት። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ መጀመሪያ የማየው እሷን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሥሯ የተነጠፈውን ሰጋቱራ ልቀይር ስጎነበስ ደም አየሁ።

እየሮጥኩ ሄጄ የዶክተርን በር ደበደብኩ። ፀጉሯን በፎጣ እንደጠቀለለች ወጣች። ቡኒን ጭኗ ላይ አስተኝታ ሆዷን በጣቶቿ ቀስ እያለች ስትዳብስ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። እማዬም ከኋላዬ መጥታ ቆማለች።

"ማህፀኗ ውስጥ እጢ አለ" አለች ዶክተር። "ሴት ጥንቸል ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነው። የምትደማውም ለዚያ ነው። ካልወጣላት ይገድላታል።"

"ከወጣላትስ?" አልኩ።

"ትድናለች። ግን ከእንግዲህ አትወልድም።"

ቡኒ ድሮም ወልዳ አታውቅም፤ ስለዚህ ነገሩ ብዙም አልከበደኝም። እማዬ ግን የበሩን መቃን ይዛ ቀረች።

"ዶክተርዬ፣ እስቲ አንዴ ላናግርሽ" አለች።

ገብተው መጋረጃውን ጋረዱት። እኔ ቡኒን ታቅፌ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ቀስ ብለው ቢያወሩም ይሰማኝ ነበር።

"ይሄ ነገር ሰው ላይም አለ?" አለች እማዬ።

ዶክተር ወንበር ስትስብላት ሰማሁ። "ደሙ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነ፣ እትዬ ሳሊሀ?"

"ከረመዳን ጀምሮ ነው።"

ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። "ውሸት ነው!" ብዬ ከውጭ ጮህኩ። "ዛሬ ነው የጀመራት! ትናንት ምንም አልነበረባትም!"

ከውስጥ ሁለቱም ሳቁ። የእማዬ ሳቅ እየቆየ ወደ ለቅሶ ዞረ። ለቡኒ ያለቀሰች መስሎኝ በጣም ወደድኳት።

እማዬ ያን ጠዋት የተናገረችው ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገር ነበር። አባዬን አፍራ፣ ጎረቤቱን ፈርታ፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ ደግሞ "ዛሬ ነገ ይተወኛል" እያለች ለወራት ይዛው ኖራለች። ጥንቸሌ ባትታመም ኖሮ እስከ መቼ ትደብቀው እንደነበር እሷም አታውቅም። ዶክተር ጽዮናዊት "እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም" ብላ ልትገላገል ትችል ነበር። እሷ ግን "ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። እምቢ ካሉ ለጋሽ ሸኩር እነግራለሁ" አለቻት። ሰኞ አብረው ሄዱ። እኔ ለቡኒ መድኃኒት ሊገዙ የሄዱ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዴት እንደተከታተለ በቅጡ አላስታውስም። የማስታውሰው፣ እማዬ "አጋሮ እህቴ ጋ ሰርግ አለ" ብላ ሻንጣ ይዛ የወጣችውና ቡኒ ወደ ዶክተር ክሊኒክ የተወሰደችው በአንድ ሰሞን መሆኑን ነው። እማዬ ስትወጣ አቅፋኝ ቆየች። ከአንገቴ ሥር አሸተተችኝ። አባዬ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ "ሳሊሀ፣ እንሂድ" ሲላት እንኳ አልለቀቀችኝም።

"ቡኒን አደራ" አለችኝ። "ስመለስ ድና ላግኛት።"

አደራውን ከልቤ ተቀበልኩ።

ቡኒ ከክሊኒክ ስትመለስ ሆዷ ተላጭቶ፣ ቆዳዋ ሮዝ መስሎ፣ መሐሉ ላይ በሰማያዊ ክር ተሰፍታ ነበር። ስፌቱን እየላሰች እንዳትፈታው ዶክተር የአባዬን አሮጌ ሹራብ እጅጌ ቆርጣ እንደ ቀሚስ አለበሰቻት። የሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ ሞልታ በጨርቅ ጠቅልላ አጠገቧ አስቀመጠችና እኔን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ ተማሪዎቿን እንደምታስተምር አድርጋ አስተማረችኝ።

"ጥንቸል ሆዷ ባዶ ከዋለ አንጀቷ ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ባትፈልግም መብላት አለባት። ከበላች በጠጥ ትጥላለች። በጠጧን ያየን ቀን ተረፈች ማለት ነው። እንዳትዘል፣ እንዳትፈራ፣ እንዳይበርዳት። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

ጎመንና ሣር ፈጭታ፣ መርፌው በወጣለት ስሪንጅ ከአፏ ጎን እንዴት እንደሚሰጥ አሳየችኝ። ቡኒ ዓይኗን ፈጥጣ ጥርሷን ገጥማ እምቢ አለች። ያጎረስኳት አረንጓዴ ነገር በአገጯ ወረደ። ጠረግኩላትና እንደገና ሞከርኩ። "ማሎ ቡኒ፣ ትንሽ ብቻ" እያልኩ ስለምናት ዋልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከካርቶኗ ጥግ ላይ፣ ክብ፣ ጥቁር፣ ከአተር የምታንስ በጠጥ አገኘሁ። በመዳፌ ይዣት ወደ ግቢው ሮጥኩ። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ በስልክ እያወራ ነው።

"ወጣ? በአላህ ወጣ?" ይላል። "አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ ያ ረቢ!"

"ወጣ አባ! ይኸው እይ!" ብዬ መዳፌን ዘረጋሁለት።

አባዬ በጠጧን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ስልኩን በትከሻው ይዞ ብድግ አድርጎ አነሳኝና ግቢው መሐል አሽከረከረኝ። ጉንጩ በእንባ ርሷል። ከኔ ቀድሞ ማን እንደነገረው ግን አልገባኝም።

ስልኩ ላይ የነበረችው፣ እማዬን ሆስፒታል የምታስታምመው የአጋሮዋ አክስቴ ናት። ሆዱ የተከፈተ ሰው አየር ሲወጣለት አንጀቱ ሥራ ጀመረ ማለት ነው፤ አስታማሚው ሁሉ ይህችን ወሬ ይጠብቃል። አባዬ ያን ጠዋት በአንድ ጆሮው ያንን ብሥራት፣ በሌላው የኔን ሰማ። ዛሬም ድረስ፣ ካየሁት ደስታ ሁሉ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

እማዬ በባጃጅ ተመለሰች። አባዬ ሹፌሩን "ሱታ፣ ሱታ ወንድሜ፣ ቀስ በል" እያለ ከባጃጁ ጎን ጎን በእግሩ መጣ። እማዬ ጎንበስ ብላ፣ ሆዷን በመዳፏ ደግፋ ገባች። ፊቷ ገርጥቷል።

"የአጋሮ መንገድ አንገላታት" አለኝ አባዬ።

ፍራሽ ሳሎን ውስጥ፣ ልክ የቡኒ ካርቶን አጠገብ ተነጠፈላት። እኔ የገባኝ ቡኒን ልታስታምም አጠገቧ እንደተኛች ነው። ባልዲ አታነሳም፣ አትጎነበስም፣ ወጥ አትሠራም፤ ሥራዋን ሁሉ ትታ ለጥንቸሌ ስትል ተኛች። እንዲህ ያለች እናት ያለቻት ልጅ በክፍላችን ውስጥ አልነበረችም፤ ለጓደኞቼም እየዞርኩ ነገርኳቸው።

ጠያቂ መምጣት የጀመረው ያኔ ነው። ከሁሉ በፊት የመጣችው ጎረቤታችን ንግስት ነበረች። አትክልት ትሸጣለች፤ ለቡኒ ድሮም የጎመን ቅጠል የምትሰጠኝ እሷ ናት። በአንድ እጇ ጎመን፣ በሌላው ሾርባ ይዛ ገብታ በፍራሹና በካርቶኑ መሐል ቆመች።

"ይሄን ለታማሚዋ ይዤ መጣሁ" አለች። "እግዜር ጨርሶ ይማራት።"

"አሜን" አልኩ እኔ፣ የቡኒን ጀርባ እያሻሸሁ። ንግስት ወደ እማዬ አየች፤ እማዬ በዓይኗ ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ሁለቱም ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡት። ከዚያ በኋላ ንግስት ሁልጊዜ ስትገባ መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብላ "እንዴት አደርሽ ቡኒዬ? በላሽ?" ትላለች። ሌሎቹም እሷን አይተው እንደዚያው አደረጉ። አንድም ሰው ተሳስቶ እውነቱን አልነገረኝም። ያን ሁሉ ሰው ማን እንደመከረው፣ ወይስ ሳይመካከሩ ነው ያደረጉት፣ እስካሁን ይገርመኛል።

ቡኒ ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች። የማይበላው ሌላ ሰው ነበር። አባዬ ሾርባ በማንኪያ ይዞ እማዬን "አንዴ ብቻ" ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ለጥንቸሌ ማዘንስ ጥሩ ነው፤ ግን ይህ በዛ።

"እማ፣ ቡኒ እኮ በላች" አልኳት።

"እስቲ አሳዪኝ" አለች ቀስ ብላ።

የጎመኑን ጫፍ ለቡኒ ሰጠኋት። አፍንጫዋን እያንቀጠቀጠች አሸተተችውና ከዳር ጀምራ ቆረጠችው። ቅጠሉ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ አለቀ። እማዬ በጎኗ እንደተኛች ስታይ ቆየች።

"አሁን ያንቺ ተራ ነው" አልኩ። "ዶክተር ባትፈልግም መብላት አለባት ብላለች።"

እማዬ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ማንኪያውን ከአባዬ እጅ ወስጄ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይኸው ሆነ፤ ቡኒ ስትበላ እማዬ ትበላለች። "እንዳትዘዪ" ስል ለቡኒ፣ "እሺ" የምትለኝ እማዬ ነበረች። ሐኪሞቹ እጢው ከማህፀኗ አልፎ ሳይዛመት ደርሰውበት ነፍሷን አትርፈውላታል፤ ማህፀኗን ግን አላተረፉላትም። የቁስሉን ሕመም ችላዋለች። ምግብ የከለከላት፣ አባዬ የሚመኘውን ልጅ ከእንግዲህ እንደማትወልድለት ማወቋ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለ አዳዳ ዙቤይዳ ከደዶ መጡ። እኛ ጋ የአባትን እህት አዳዳ ነው የምንለው። አዳዳ ዙቤይዳ የአባዬ ታላቅ ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት አባዬን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አባዬ እሳቸው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ገብተው እማዬን ሳሟት፣ ዱዓ አደረጉላት፣ ካርቶኑን አይተው ደግሞ ደነገጡ።

"ይሄ ምንድነው? ጥንቸል ታርዶ ይበላል እንጂ ሆዱ ይሰፋል እንዴ?"

ቡኒን እስከነካርቶኗ ጎትቼ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ይጮሃል። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አባዬ ከሥራ ቤቱ መጥቶ፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ እንደተሰካ፣ ሰጋቱራው ፀጉሩ ላይ እንዳለ እህቱ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ሸኩር፣ ማሎ ስማኝ" አሉ አዳዳ። "ክፉ ሆኜ አይደለም። ምስኪን ናት፣ አውቃለሁ። ግን ከእንግዲህ አትወልድም። ያለ ወንድ ልጅ ልታረጅ ነው? ሌላ አምጣ።"

አባዬ መሬት መሬቱን ያያል።

"አስወጣት አላልኩም። ትቀመጥ፣ ትጦር። ዲናችንም ይፈቅዳል። እኔ ደዶ ጥሩ አይቼልሃለሁ፤ ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት።"

እኔ ከጠረጴዛው ሥር ደሜ ፈላ። ዲናችን ስለ ጥንቸል ብዛት የሚለው ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር፤ የወንድ ልጁም ነገር ከምን እንደመጣ አልገባኝም። ግን ቡኒ ገና ስፌቷ ሳይፈታ ከደዶ ሌላ ሊያመጡባት እንደሆነ ገብቶኛል። አባዬን አየሁት። ዝም ብሏል። መዳፉን ከሱሪው ላይ እየጠረገ ዝም ብሏል።

ወጣሁና መሐላቸው ቆምኩ።

"ሌላ አንፈልግም!" አልኩ። "ባትወልድም የኛ ናት! እሷ ታማ ተኝታ ሌላ ይመጣባታል እንዴ? ሁለት ሴት አንድ ቤት ከገቡ ይነካከሳሉ፣ ዶክተር ነግራኛለች! እኛ የምንወዳት እሷን ነው!"

አባዬ እኔን አየኝ፣ ፍራሹን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አየ።

"ሰምተዋል፣ እትዬ" አለ። "ልጄ ጨርሳዋለች። ሌላ አንፈልግም።"

"ሸኩር…"

"ሌላ አንፈልግም፣ እትዬ። አይቀየሙኝ።"

የእማዬ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ወደ ፍራሹ ሄድኩ። ለቡኒ ፈርታ ነው አልኩ በልቤ።

"አታልቅሺ እማ" አልኳት በጆሮዋ። "የትም አትሄድም። ሌላም አይመጣም። አባ ብሏል።"

እማዬ ዞረች። ራሴን ወደ ደረቷ ስባ ያዘችኝ። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ደግማ ደጋግማ አለችው። ቆይታ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ከሆስፒታል ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ጠየቀች፦

"አፊፋዬ፣ እርቦኛል።"

አዳዳ ተነሥተው ሾርባውን ያሞቁት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ሳያኮርፉ፣ ግን ብዙም ሳይናገሩ ወደ ደዶ ተመለሱ።

ቡኒ ስፌቷ የተፈታ ቀን ግቢው ውስጥ ለቀቅናት። እንደ ሐውልት ቆማ ቆየችና ባንዴ ዘለለች። እማዬም ክንዴን ይዛ እስከ ውጪው በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ሁለቱም አንድ ላይ በመዳናቸው ያን ጊዜ ምንም የሚደንቅ ነገር አልታየኝም። ቡኒ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረች። አርጅታ ስትሞት አባዬ ሰው እንዳያየው እየተሳቀቀ፣ ከአቮካዶው ሥር ቀበረልኝ።

እውነቱን የነገረችኝ እማዬ ራሷ ናት። ትልቅ ልጅ ሆኜ፣ ልብስ ስትቀይር ጠባሳዋን አይቼ ጠየቅኳት። አልጋው ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። እኔም ያ ሁሉ ጠያቂ፣ ያ ሁሉ ብርቱካን፣ የአባዬ እንባ አንድ በአንድ እየተመለሰልኝ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ኋላ ግን አለቀስኩ። ዶክተር ጽዮናዊት አሁን ቢሾፍቱ ናት። እማዬ በየዒዱ ትደውልላታለች፤ ሁልጊዜም ታመሰግናታለች። ዶክተርም ሁልጊዜ "እኔ ምን አደረግኩ? የተናገሩት እርስዎ ነዎት" ትላታለች።

ስለ አዳዳ ዙቤይዳ ያልነገርኳችሁ አለ። እሳቸው ወልደው አያውቁም፤ ባላቸው በወጣትነታቸው ሌላ አምጥቶባቸው፣ ከዚያችው ሴት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ኖረው ነው ያረጁት። የሚያውቁት መንገድ እሱ ብቻ ነበር። ባላቸው ከሞተ በኋላ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ "ወደዚህ ይምጡ" ያለቻቸው እማዬ ናት። እስከ መጨረሻቸው ድረስ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ለሶላት ፊታቸውን ወደ ቂብላ ያዞረችላቸው እሷ ናት። አንድ ቀን ፀጉራቸውን ስትሠራላቸው፣ በተያዘ አንደበታቸው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

"ይቺን ልጅ አላህ ለኔ ሲል ነው ያተረፋት።"

አምና አረፉ። ደዶ ወስደን ቀበርናቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እኔ ከኋላ፣ እማዬና አባዬ ከፊቴ ተቀምጠናል። ዝናብ አባርቶ መንገዱ ዳር ያለው ቡና ቅጠሉ ያብረቀርቃል። እማዬ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ አሸልባለች። አባዬ ወደ ኋላ ዞሮ ቀስ ብሎ አናገረኝ።

"አፊፋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አዳዳሽ ናቸው ያሳደጉኝ። በዕድሜዬ 'እምቢ' ብያቸው አላውቅም ነበር። ያን ቀንም እምቢ እላለሁ ብዬ አልገባሁም። 'ይታሰብበታል' ልላቸው ነበር፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። 'ይታሰብበታል' ካልኩ ደግሞ እሺ ማለት ነው። አንቺ ጮህሽ።" ወደ እማዬ አየት አደረገ። "ያንቺን ቃል ነው ደግሜ የተናገርኩት። ለእናትሽ ይሄን ነግሬያት አላውቅም።"

"አውቃለሁ" አለች እማዬ።

ዓይኗን አልገለጠችም። አባዬ ደንግጦ ዞረ።

"ታውቂያለሽ?"

"ያን ቀን አልተኛሁም ነበርኮ። ዝምታህን እሰማ ነበር።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልጠየቅሽኝም?"

እማዬ ዓይኗን ገለጠች። አባዬን አየችው፤ የቀብሩ አፈር ከክርኑ ላይ አልለቀቀም ነበርና በእጇ አራገፈችለት።

"እምቢ ካልክ በኋላ ምን ልጠይቅህ?" አለችው።

ከዚያ ራሷን ከመስኮቱ አንሥታ ትከሻው ላይ አደረገች። ሰው ፊት እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። አባዬ ሳይነቃነቅ፣ ትከሻውን እንደያዘ፣ ጅማ እስክንገባ ድረስ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።